ጀሪካን ይካዳል
ስለ ውሻ ሳህን፣ ስለ ኮሚቴ እና ስለ ኃላፊነት

በአዲስ አበባ ብዙ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በር ላይ፣ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ወይም ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ፣ አንድ ዕቃ አይጠፋም፦ ወገቡ ላይ በቢላ የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን። ጠርዙ ተተልትሏል፣ ቀለሙ በፀሐይ ነጥቷል፣ ውስጡ ደግሞ የትናንት እንጀራ፣ የዛሬ ዝናብና የከረመ ቅባት አብረው ተኝተዋል። የሳይቱ ውሾች ገበታ ይህ ነው።

ይህን ዕቃ ማን አስቀመጠው? ጥበቃው ቢጠየቅ «ነዋሪዎቹ ናቸው» ይላል። ነዋሪው «ጥበቃዎቹ ናቸው» ይላል። ኮሚቴው ከሁሉም ይብሳል፤ «ማኅበሩ ውሻ የለውም» ብሎ ይዘጋዋል። ሌሊት ሌባ አጥር ሲታከክ ግን መጀመሪያ የሚጮኸው ይኸው የማንም ያልሆነው ውሻ ነው። ጠዋት «ውሾቹ እኮ ንቁ ናቸው» ተብሎ የሚወራውም ስለ እሱ ነው። ማታ የሁሉም፣ ቀን የማንም!

«ጀሪካን ርካሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ጀሪካን የሚመረጠው ስለሚረክስ ብቻ ሳይሆን ስለሚካድም ነው። በንብረት መዝገብ አይገባም፣ ደረሰኝ የለውም፣ ባለቤት የለውም። ውሻው ሰው የነከሰ ዕለት በእግር ተገፍቶ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፤ ጉዳዩም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ የውሻ መመገቢያ ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ የዕቃ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ማን ይጠየቅ የሚል ጥያቄ ነው። ሁለቱን አብሮ የማይመልስ ኮሚቴ አንዱንም አልመለሰም።

■ «ዘላቂ» ማለት የማይሰበር ማለት አይደለም

ብዙ ሰው ዘላቂ ዕቃ ሲባል የማይሰበር ዕቃ ይመስለዋል። በዚህ መለኪያ ከሄድን ጀሪካን አንደኛ ይወጣል፤ ፕላስቲክ እንደሆነ በቀላሉ አይበሰብስም። ምግብ ለሚቀርብበት ዕቃ ግን መለኪያው ሌላ ነው። አንደኛ፣ በየቀኑ ታጥቦ በእርግጥ የሚጠራ መሆን አለበት፤ ማለትም የፈላ ውኃን፣ ሳሙናንና በረኪናን መቻል አለበት። ሁለተኛ፣ ከራሱ ወደ ምግቡ ምንም መስጠት የለበትም። ሦስተኛ፣ ዛሬ የተቀመጠበት ቦታ ነገም መገኘት አለበት። አለመሰበር ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

በረኪና ለምን አስፈለገ የሚል ካለ መልሱ ፓርቮ ነው። ቡችላዎችን በተቅማጥና በትውከት የሚጨርሰው ይህ ቫይረስ ከአንዱ ውሻ ወጥቶ በአካባቢው ላይ ለወራት ይቆያል። ብዙ ተራ ሳሙናና ማጽጃ አይገድለውም። የቤት በረኪና፣ አንድ እጅ በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ ሲቆይበት ግን ይገድለዋል። ይህ የሚሆነው ግን ቅባቱና ቆሻሻው አስቀድሞ ከታጠበ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ቀላል ነው፦ የትኛው ዕቃ ነው በየጊዜው እንዲህ ታጥቦ የሚጠራው?

■ የቀረቡት ዕጩዎች

ጀሪካኑ መጀመሪያ ይወድቃል። የውሻ ጥርስና የሽቦ ማጠቢያ ፕላስቲኩን ይቧጭሩታል። ጭረቱ ውስጥ ቅባት ይገባል፣ ቅባቱ ውስጥ ተሕዋስያን ይሰፍራሉ፣ ከዚያ በኋላ በረኪናውም አይደርስባቸውም። የፈላ ውኃ ያለሰልሰዋል። ፀሐይ ሲከርምበት ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጣሪውን የሚውጠው ያው ውሻው ነው። ይህ ሁሉ ጀሪካኑ ቀድሞ ዘይት ብቻ ይዞ ከነበረ ነው። የተባይ መድኃኒት ወይም የመኪና ዘይት ይዞ የነበረ ከሆነ ነገሩ ከቆሻሻነት ወደ መርዝነት ይሸጋገራል፤ በር ላይ ያለ ጀሪካን ደግሞ ታሪኩን አይናገርም።

የቀለም ባልዲና ቆርቆሮ የባሰ ነው። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ የሚከለክል ደንብ ያወጣችው ያለ ምክንያት አይደለም። እርሳስ አንጎልን ይጎዳል፣ የሕፃናትን ደግሞ ይበልጥ። የቆየ የቀለም ቆርቆሮ ውስጡ እየተላጠ ምግብ የሚቀርብበት ከሆነ ከውሻው ቀጥሎ የሚነካካው ግቢ ውስጥ የሚጫወተው ልጅ ነው።

ዚንክ የተቀባ ላሜራስ? ብዙ ብየዳ ቤት «አይዝግም» ብሎ የሚያቀርበው እሱን ነው። እዚህ ላይ የአበሻ ምግብ ራሱ ጣልቃ ይገባል። እንጀራ የቦካ ነው፤ ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ ነገር ሲያድርበት ዚንኩ ይሟሟል። ዚንክ ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች የሚያፈርስ መሆኑ በእንስሳት ሕክምና በደንብ የታወቀ ነው። ሽንኩርትም በበኩሉ ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ በሽንኩርት ቁሌት የተሠራ ወጥ የነካው እንጀራ በዚንክ ላሜራ ላይ አድሮ ለውሻ ሲሰጥ፣ አንዱን ደም በሁለት በኩል ማፍረስ ነው። ሰጪው ግን «አበላሁት» ብሎ ይተኛል።

ከቁርጥራጭ ተቀልጦ የሚሠራ የአሉሚኒየም ዕቃ ቀላል ነው፣ በየገበያው አለ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን በእንዲህ ያሉ ድስቶች ላይ የታተመ ጥናት እርሳስ ከዕቃው ወደ ምግብ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚቀልጠው የመኪና ክፍል፣ የሬዲዮ ቅርፊትና የተገኘው ብረት ሁሉ ነው። ምን ገብቶበት እንደቀለጠ የማይታወቅ ዕቃ ላይ ኮምጣጣ ምግብ ማሳደር ቁማር ነው።

ሸክላ ወዳጆች አሉት፣ ሊኖሩትም ይገባል። ጀበናውም ምጣዱም ሸክላ ነው። ነገር ግን ምጣድን የሚያጠራው በየጊዜው የሚነድበት እሳት ነው። የውሻ ሳህን እሳት ላይ አይወጣም። ሸክላው ውኃና ቅባት ይጠጣል፣ የጠጣውን ይዞ ይከርማል፣ አንድ ቀን ደግሞ ተገፍቶ ይሰበራል።

በመጨረሻ ሲሚንቶ። የኮንክሪት ገንዳ ከባድ ነው፤ ውሻ አይጎትተውም፣ ሌባም አይሸከመውም። ዝናቡንም ፀሐዩንም ይችላል። ግን እሱም ደቃቅ ቀዳዳ አለው፤ ውኃ ይጠጣል። እንጀራው እዚህም ይከሰሳል፤ ኮምጣጣው የሲሚንቶውን ኖራ ይበላውና ከጊዜ በኋላ ለስላሳው ፊት እንደ አሸዋ ይሻክራል። የሻከረ ፊት ደግሞ አይጠራም። ኮንክሪት ጥሩ ጠረጴዛ ነው፤ ሳህን ግን አይደለም።

■ የቀረው አንድ ነው

የቀረው ስቴንለስ ስቲል ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ የተባለ የብረት ባለሙያ በሠራው ቅይጥ ስሙ የገነነው ይህ ብረት፣ የማይዝገው ክሮሚየም ስላለበት ነው፤ ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ብረቱ ሲጫር ሽፋኑ መልሶ ራሱን ይጠግናል።  የፈላ ውኃ አይጎዳውም፣ ኮምጣጣ ምግብ አይበላውም፣ በረኪናም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በውኃ እስከተለቀለቀ ድረስ አያበላሸውም። በረኪናው ሲያድርበት ግን ነቁጥ ነቁጥ እያደረገ ይበላዋል፤ ስለዚህ መለቅለቅ ግዴታ ነው።

ገበያ ላይ አንድ የተለመደ ማታለያ አለ፤ ማግኔት አስጠግቶ «አይስብም፣ ኦሪጅናል ነው» ማለት። ማግኔት ዳኛ አይደለም። 18 እጅ ክሮሚየምና 8 እጅ ኒኬል ያለው 304 የሚባለው ደረጃ በአብዛኛው በማግኔት አይሳብም፤ ኒኬሉ በማንጋኒዝ የተተካበት ርካሹም እንዲሁ አይሳብም። በተቃራኒው ኒኬል የሌለው 430 ይሳባል፣ ለሳህን ግን ያገለግላል። ከማግኔቱ ይልቅ ዕቃውን ገልብጦ ማየት ይሻላል፤ ከአንድ ወጥ ላሜራ ተጨፍልቆ የወጣ፣ ብየዳ የሌለው፣ ጠርዙ ታጥፎ ቆሻሻ የሚደብቅ ኪስ ያልሠራ መሆን አለበት። ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከኪሱ ነው።

እዚህ ላይ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ይመጣል፦ «ስቴንለሱን ማታ አስቀምጠህ ጠዋት ታገኘዋለህ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ዕቃ በመንገድ ዳር ተጥሎ ካደረ፣ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ከመሰማቱ በፊት እግር ሊያወጣ ይችላል። ጀሪካኑን በመንበሩ ላይ ያቆየው ይህ ፍርሃት ነው፤ ማንም የማይሰርቀው ማንም የማይፈልገውን ብቻ ነው።

መልሱ ሁለቱን ማጋባት ነው። ለአፍ ስቴንለስ፣ ለቦታ ኮንክሪት። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር የሆነ፣ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሞላል። ፊቱ ሊሾ ይደረጋል፤ ወደ ውኃ መውረጃው ትንሽ ያዘነብላል። ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ እየጠጣ ይቆያል። ሳህኑ የሚገባበት ክብ ጉድጓድ ይተውለታል፣ ከላዩ በማጠፊያ የሚከፈት የፌሮ ቀለበት ይበየድና ቁልፍ ይንጠለጠልበታል። ሳህኑ ለማጠብ ይወጣል፣ ለመስረቅ አይወጣም። ጀርባው ላይ የማኅበሩ ስም በመሮ ይመታል። ይህ አንድ ግንበኛና አንድ በያጅ የሚጨርሱት ሥራ ነው።

ከዚህ በላይ ማስጌጥ አያስፈልግም። ረጃጅም እግር ያላቸው መመገቢያዎች ለትልልቅ ዝርያዎች ይሻላሉ የሚለው ልማድ እንኳ አጠራጣሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከፍ ያለ መመገቢያ በትልልቅ ውሾች ላይ ከሆድ መነፋት አደጋ ጋር ተያይዞ አግኝቶታል። የሚያስፈልገው ጎርፍ የማይደርስበት ያህል ከፍታ፣ ዝናብ የሚከልል ጣሪያ፣ ለውኃ የተለየ ሳህን ነው። ለአምስት ውሻ አንድ ጎድጓዳ ማቅረብ ደግሞ ጠብ መጥራት ነው፤ ሳህኖቹ መለያየትና መራራቅ አለባቸው።

■ «ሰው እየተራበ?»

አሁን ከባዱ ተቃውሞ ይምጣ። «ሰው ሦስት ጊዜ መብላት ባቃተው ከተማ፣ ለውሻ ስቴንለስ?» ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ የኑሮ ውድነቱን በየቀኑ የሚከፍሉ ናቸው። ስለዚህ መልሱም ቁምነገር ይሁን።

አንደኛ፣ ክርክሩ ውሻው ይብላ ወይስ አይብላ አይደለም። ውሻው እየበላ ነው። ዛሬም ይበላል፣ ነገም ይበላል፤ ጥያቄው የሚበላው ምን ላይ ነው የሚል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሳህኑ ለውሻው ክብር ተብሎ አይገዛም። ለጥበቃው እጅ፣ ለሚጫወተው ልጅ፣ በበሩ ለሚያልፈው ሁሉ ነው። ታጥቦ የማይጠራ፣ ምግብ የሚያድርበት ገንዳ አይጥ ይጠራል፤ አይጥ ደግሞ በሽንቱ ሌፕቶስፓይሮሲስን ይዞ ይመጣል። በከተማው ዳርቻ ያሉ ሳይቶች ሌላም እንግዳ ያውቃሉ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት እዚያ ተረት ብቻ አይደለም፤ ሌሊት የተረፈ ምግብ ሽታ የሚጠራው ማንን እንደሆነ ጥበቃዎቹ ይናገራሉ።

ሦስተኛ፣ ሂሳብ እንሥራ ለሚል፦ ማኅበሩ ለጥበቃ ደመወዝ ይከፍላል፣ ካፖርትና ባትሪ ይገዛል። ያለ ደመወዝ ሌሊቱን ሙሉ ለሚጠብቀው ደግሞ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት የሚቆይ ሳህን «ቅንጦት» ይሆንበታል። ድህነት በየወቅቱ የሚሰነጠቅ ዕቃ ለመለዋወጥ ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም አንዴ ገዝቶ ማቆየት የሚያስፈልገው ድሃው ነው። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለእንዲህ ያለ ቁጠባ ነው።

■ ደግነት በፌስታል

ከጨካኞቹ ይልቅ ደጋጎቹን መተቸት ይከብዳል፤ ግን ይገባል። ማታ ማታ የተረፈውን በፌስታል ቋጥሮ ከአጥር ውጭ የሚወረውር ሰው ልቡ መልካም ነው። ውጤቱ ግን መልካም አይደለም። ፌስታሉን ውሻው ከምግቡ ጋር ይውጠዋል። ምግቡ በየማዕዘኑ ስለሚበተን ውሾቹም በየማዕዘኑ ይበተናሉ፤ የት እንደሚገኙ፣ ስንት እንደሆኑ፣ የትኛው እንደተከተበ የሚያውቅ አይኖርም።

በዓል ሲመጣ ይብሳል። በየግቢው ከታረደው በግና በሬ እጢ የታየበት ሳንባና ጉበት «ለውሻ ይሁን» ተብሎ ጥሬውን ይወረወራል። እዚያ ላይ ያለው ውኃ የቋጠረ እጢ የትል ቤት ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በእጅ፣ በውኃና ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይገባል። ከዚያ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ እጢ ይሠራል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜም መውጫው የቀዶ ጥገና ቢላ ነው። ለውሻ የተጣለ ጉበት በሰው ጉበት ይከፈላል።

እዚህ ላይ ሳህኑ ምን ይለውጣል? ቦታ ያለው ሳህን ሕግም ይኖረዋል። ጥሬ የሆድ ዕቃ እዚህ አይገባም፣ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አይገባም፣ አጥንት አይገባም፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈው ይነሣል። ለመሬትና ለፌስታል ሕግ ማውጣት አይቻልም። ለአንድ ለታወቀ መደብ ግን ይቻላል፤ ጽሑፍ ይለጠፍበታል፣ የሚያጥበው ሰው ስም ይጻፍበታል።

■ መርዝ ተሞክሯል

«ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ ውሾቹን ማስወገድ ነው» የሚለው ድምፅ ሁልጊዜ አለ። ተሞክሯል። በአዲስ አበባ ውሾችን በስትሪክኒን መርዞ መግደል ለዓመታት የተሠራበት ዘዴ ነው። የኢንዶኔዥያዋ የፍሎሬስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባባት ውሾቿን በገፍ ፈጀች፤ በሽታው ግን ከደሴቲቱ አልወጣም። የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም። ምግቡ እስካለ ድረስ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይተካበታል፤ ከሞቱት መካከል ደግሞ የተከተቡትም ስላሉ የተገነባው መከላከያ አብሮ ይቀበራል።

የሚሠራው መንገድ የታወቀ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከመቶ 99 እጁ የሚመጣው ከውሻ ነው። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከመቶ 70 የሚሆኑት ውሾች በየጊዜው ሲከተቡ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይቆረጣል። ሜክሲኮ በዚህ መንገድ ሄዳ እ.ኤ.አ. በ2019 በውሻ አማካይነት የሚተላለፈውን የሰው ሕመም በማጥፋት በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች።

ልብ ይባል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ዋነኛ መንገዱ ንክሻ ነው፣ ሳህን አይደለም። ማንም በዚህ ሰበብ ሳህን አይርገም፤ የተነከሰ ሰውም ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ወደ ክትባት ይሂድ። ሳህኑ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። ከመቶ ሰባውን ለመከተብ መጀመሪያ መቶው መገኘት አለበት። የጎዳና ውሻ ደግሞ በአድራሻ አይጠራም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ከአንድ ከሚያውቀው ሰው እጅ የሚበላ ውሻ ግን ሊቆጠር፣ ሊያዝ፣ ሊከተብ፣ የትል መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። ክትባት የሌለበት መመገቢያ ውሻ መሰብሰብ ብቻ ነው፤ መመገቢያ የሌለው የክትባት ዘመቻ ደግሞ ውሻ ማባረር ነው።

■ ዴልሂ ላይ የተጻፈው

ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2025 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዴልሂና በአካባቢዋ ያሉ የጎዳና ውሾች ተሰብስበው ወደ መጠለያ እንዲገቡ አዘዘ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ወገን የተነከሱ ሕፃናትን፣ ሌላው ወገን የሚታፈሱ ውሾችን እያሳየ ተከራከረ። በ11ኛው ቀን፣ ኦገስት 22፣ ፍርድ ቤቱ በሦስት ዳኞች ትእዛዙን አሻሻለ። ውሾቹ ተኮላሽተውና ተከትበው፣ በበሽታው የተያዙት ወይም የተጠረጠሩትና ተናካሾቹ ሲቀሩ፣ ወደ ነበሩበት ይመለሱ አለ። በዚያው ትእዛዝ በመንገድ ላይ መመገብን ከልክሎ በየቀበሌው የተለየ መመገቢያ ቦታ እንዲዘጋጅ አዘዘ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሕንድ ችግሯን ፈታች የሚል አይደለም። ትምህርቱ፣ የሰፈር ኮሚቴ በጊዜው ያልወሰነው ነገር ዞሮ ዞሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መድረሱ ነው። ዳኞች ስለ ውሻ መመገቢያ ቦታ ትእዛዝ እስኪጽፉ መጠበቅ ምን ያህል ዓመት የባከነ መሆኑን ማየት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

■ ሕጉ ጀሪካን አያይም

ጀሪካን ይካዳል ያሉ ሁሉ አንድ ነገር ዘንግተዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥም እንኳ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2072 ደግሞ እንስሳውን ለጥቅሙ ሲል በእጁ ያደረገውን ሰው ይመለከታል። በየማታው በሩ ላይ እየበላ፣ በሩን እየጠበቀ የሚኖር ውሻ ለማን ጥቅም ነው ያለው? ይህ ክርክር አንድ ቀን ዳኛ ፊት ሲቀርብ መልሱ ከዕቃው ዓይነት አይመጣም። በጀሪካን የበላ ውሻ በስቴንለስ ከበላው ያነሰ አይነክስም፤ የተነከሰው ልጅ ቤተሰብም ያነሰ አይጠይቅም።

ስለዚህ ሽሽቱ ሽሽት እንኳ አይደለም። ጀሪካኑ ኮሚቴውን ከኃላፊነት አያድነውም፤ የሚያሳጣው ግን አለ፤ መከላከያውን። ውሾቹን የቆጠረ፣ የክትባት ካርዳቸውን በመዝገብ የያዘ፣ መመገቢያቸውን በአንድ ቦታ ወስኖ የሚያጥብ ሰው የመደበ ማኅበር ስለ ጥንቃቄው የሚያሳየው ወረቀት አለው። «ውሻ የለንም» የሚለው ማኅበር የሚያሳየው የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ብቻ ነው።

የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የሚያስተዳድር ማኅበር እንዲኖር ያደረገው ለዚህ ለዚህ ነው። በሩ የጋራ ነው። አጥሩ የጋራ ነው። በሩን የሚጠብቀው ውሻ የሚበላበት ቦታም የጋራ ጉዳይ ነው። የአንድ ደግ እናት ወይም የአንድ ደክሞት የሚያድር ጥበቃ የግል ሸክም ሆኖ መቅረት የለበትም።

■ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ

በየሳይቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አጀንዳው የውኃ ታንከር፣ የሊፍትና የመኪና ማቆሚያ ነው። አንድ ነጥብ ይጨመርበት። ንግግር አያስፈልገውም፤ አራት መስመር ብቻ ይነበብና እጅ ይወጣበት፦

አንድ፦ በሳይቱ ያሉ ውሾች ተቆጥረው ይመዝገቡ፣ ይከተቡ፣ የትል መድኃኒት ይሰጣቸው።

ሁለት፦ በተወሰነ ቦታ፣ ከልጆች መጫወቻ ርቆ፣ ሊሾ የሆነ የኮንክሪት መደብና በቁልፍ የሚያዙ የስቴንለስ ሳህኖች ይሠሩ። በማኅበሩ ንብረት መዝገብ ይግቡ።

ሦስት፦ በየቀኑ የሚያጥበው ሰው በስም ይመደብ፤ ለሥራውም ይከፈለው።

አራት፦ ከዚያ ውጭ መመገብ፣ ጥሬ የሆድ ዕቃና ፌስታል መወርወር ይከልከል።

ይህን የሚቃወም ነዋሪ መብቱ ነው፤ ተነሥቶ ይናገር፣ ስሙም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ልጅ የተነከሰ ዕለት «የማን ውሻ ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው አሁን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፦ ሳህኑ ይገዛ ሲባል እጅህ የት ነበር?